የመርከቡ ሙቅ ውኃ

ንፋስ ሰው አያሳምምም። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር እንጅባራ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰው ያማትባል፤ ቢሆንም እውነት ነው። በዚህ አገር ወገብ ቢያም ንፋስ ነው፣ ጥርስ ቢያም ንፋስ ነው፣ ሰው ሰርግ ላይ ከልኩ በላይ ጠጥቶ በማግስቱ ራሱን ቢያመው እንኳ «ስወጣ ንፋስ መታኝ» ነው የሚለው። ሰው በታጨቀበት ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት ከተገኘች ከፊት እስከ ኋላ ጩኸት ይነሳል። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ቀጥታ ፊትህ ላይ ቢያስል ግን ቅር የሚለው የለም። ሳሉ የሚታወቅ ሰው ሳል ነው፤ ንፋሱ ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ይህን ከሃያ ዓመት በላይ በቃልም በጽሑፍም ስሰብክ ኖሬ አንድም ሰው አላሳመንኩም። ባለፈው ጥር ግን ክርክሩን አሸነፍኩ። ያሸነፍኩበት መንገድ ትንሽ ያሳፍራል። ድል ግን ድል ነው፣ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው መርከቡ ውስጥ ነው። «መርከቡ» የሚሉት ጎረቤቶቼ ናቸው እንጂ እሱስ አሮጌ ቤት መኪና ነው፤ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ጠረጴዛና ከቁም ሣጥን የማትሰፋ መታጠቢያ ያለው፣ ጉዞንና ኑሮን አንድ ላይ ለማድረግ የተሠራ መኪና። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ለመንገድ ሥራ መጥቶ ሁለት ክረምት ኖረበት። መንገዱ ሲያልቅ ሰውየው ሄደ፣ መኪናው ቀረ። ጎማው እስኪሰነጣጠቅ ካምፕ ውስጥ ቆሞ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ለሐራጅ ወጣ። የገዛሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደገዛሁት ለጠየቀኝ ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ፤ እውነቱ ግን በር ዘግቼ የምጽፍበት ቦታ ፈልጌ ነው። በትራክተር ተጎትቶ ግቢዬ ገባ፣ ግራ ጎኑ ከቀርከሃ አጥሩ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ፣ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። የድሮው የካምፑ ዘበኛ ጎረቤቴ ነው። አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያይ ቆየና «የኖኅ መርከብም እንዲህ ተራራ ላይ ቀረች» አለ። ስሙ በዚያው ጸና።

ሦስት ዓመት ጻፍኩበት። በኅዳር መጨረሻ እኅቴ መጣች።

እኅቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ አስተምራ ጡረታ የወጣች፣ ሰው ሁሉ ፊቷ ሲቆም ሳያስበው እጁን ከኪሱ የሚያወጣላት ሴት ናት። ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ለማገገም ወደ እኔ መጣች። በሁለት ክራንች ትሄዳለች፣ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ጎንበስ ማለት ግን አትችልም። የእኔ ቤት ደግሞ እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ ነው፤ ገላ የሚታጠቡት ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው ነው። ስለዚህ አንዲት ደግ ጎረቤት በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ታጥባት ነበር።

«እጇ ይባረክ» አለችኝ እኅቴ አንድ ጠዋት። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው አንስቶ፣ ገልብጦ፣ አጥቦ፣ አድርቆ የሚያለብሰው ማንን ነው?»

መልሴን እንኳ አልጠበቀችም።

«ሬሳን ነው። እኔ ገና አልሞትኩም።» ሻንጣዋን በክራንቿ ወደ እኔ ገፋችው። ላዩ ላይ አዲስ የሀበሻ ቀሚስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይላሉ። ለጥምቀት ያልታጠበ ገላስ ምን ይደረግ?»

«እየታጠብሽ አይደል እንዴ፣ እታለም?»

«እየታጠብኩ አይደለም። እያጠቡኝ ነው። ትምህርት ቤት ሳለህም ይህን ልዩነት አታውቀውም ነበር። ስማኝ፤ በሬን ቆልፌ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በገዛ እጄ ካልታጠብኩ ለከተራ ከዚህ ግቢ አልወጣም።»

በሕይወቷ አንድም ጥምቀት ከቤት ውላ አታውቅም። የምትለውን የምታደርግ ሴት መሆኗን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለከተራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

የመርከቡ መታጠቢያ መቀመጫ አላት። ውኃውም በእጅ በሚያዝ መርጫ ነው የሚመጣው፤ ተቀምጠው፣ ጎንበስ ሳይሉ፣ ከራስ እስከ እግር መታጠብ ይቻላል። የጎደለው ሙቅ ውኃ ብቻ ነው። በምድጃ አሙቀን በባልዲ እንስጥሽ አልናት፤ «ከባልዲው የሚቀዳልኝ ማነው?» አለች። በቀዝቃዛ ውኃ ትታጠብ የሚል ካለ በጥር ጠዋት እንጅባራ መጥቶ በርሜላችን ላይ የሚጋገረውን በረዶ በጥፍሩ ይፋቅ።

ማሞቂያ እንዳለ አውቅ ነበር። ከመታጠቢያዋ አጠገብ፣ ከቁም ሣጥኑ ሥር፣ ጀሪካን የሚያህል የቆርቆሮ ሣጥን አለ፤ በቡታ ጋዝ እየነደደ አሥር ሊትር ያህል ውኃ ያሞቃል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላቀጣጠልኩትም። መሳቢያው ውስጥ የመመሪያ ደብተሩ ተገኘ፣ በማላውቀው ቋንቋ። ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንት ስላለፈው ከማንም መጠየቅ አልተቻለም። ስለዚህ ሥዕሎቹን አነበብኩ። አንድ ጣት ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ይታያል፤ ከዚያ ነበልባል፤ ከዚያ የውኃ ጠብታ። አንድ ገጽ ላይ ከሣጥኑ ተነስቶ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ወፍራም ቀስት አለ። ሠዓሊው ቦታ ሲተርፈው የጨመረው ጌጥ መስሎኝ አለፍኩት። ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ድክመቱ ይህ ነው፤ የትኛው ገጽ እንደሚዘለል የሚያውቅ ይመስለዋል።

ጋዙን አገናኘሁ፣ ውኃውን ሞላሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩና ክብሪት ጫርኩ። በትንሿ መስታወት በኩል ነበልባል ታየኝ። ቢጫ ነው፤ እንደ ጧፍ ይወዛወዛል። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠፋ። ደገምኩት፣ ደገመ። በማግስቱም ያው። በሦስተኛው ቀን እሺ አለኝና ሩብ ሰዓት ያህል ነደደ። ብርድ እንዳይገባበት በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ አጠገቡ ተቀምጬ ስጠብቀው ራሴ መውቃት ጀመረ፣ ዓይኔ አለቀሰ። እየተንገዳገድኩ ወጣሁ። እኅቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

«ምነው ፊትህ?»

«ራሴን አመመኝ።»

«ንፋስ መትቶህ ነው።»

«በር ዘግቼ ነው የተቀመጥኩት!»

«ታዲያ ከሙቀት ወደ ብርድ ስትወጣ መታህ።»

በር ቢከፈትም ንፋስ ነው፣ ቢዘጋም ንፋስ ነው። ዳማከሴ አሽታ በአፍንጫዬ አስገባችልኝ፤ እኔም በመርህ ደረጃ እየተቃወምኩ አሸተትኩ።

ጎረቤቴ ዘበኛው የራሱ ትንታኔ ነበረው። «ከፍታው ነው» አለ በአጥሩ በኩል። «እዚህ አየሩ ስስ ነው። የፈረንጅ እሳት አይበረታም።»

«ሰውየው እዚሁ ከፍታ ላይ አይደል ሁለት ክረምት የኖረው? አይታጠብም ነበር?»

«ኧረ በየጠዋቱ! እንዲያውም ሲታጠብ በጎኑ በኩል እንደ ፈረስ ትንፋሽ ነጭ እንፋሎት ይወጣ ነበር፣ እኛ ቆመን እናያለን።»

«ታዲያ ከፍታው የት ሄዶ ነበር?» አልኩትና አሸንፌው ገባሁ። የነገረኝን ነገር ግን አልሰማሁም። ሰው በክርክር ሲያሸንፍ ጆሮው ይዘጋል።

ለከተራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዳንግላ ውስጥ ምድጃ የሚጠግን ሰው አለ ሲባል ሰማሁና ማልጄ ሄድኩ። መንገዱ ክፍት የነበረበት ሳምንት ነው። ከመናኸሪያው ጋሪ ይዤ ከገበያው ጀርባ ወዳለች የቆርቆሮ ሱቅ ደረስኩ። ሰውየው ከስልሳ ያለፉ፣ ቅንድባቸው የተላጠ፣ ዙሪያቸውን በፋኖስና በቡታ ጋዝ ምድጃ የታጠሩ ናቸው።

«ጋሼ፣ የመኪና ውኃ ማሞቂያ ተበላሽቶብኝ ነው።»

«ራዲያተር አልሠራም።»

«ራዲያተር አይደለም። መኪናው ገላ መታጠቢያ አለው።»

ከኋላዬ ባለጋሪው ከት ብሎ ሳቀ። «ምን ጉድ ነው! መኪናው ነው የሚታጠበው ሰውየው?»

«የምትታጠበው እኅቴ ናት» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳፋውን፣ ክራንቹን፣ ሬሳ ያለችውን። ሰውየው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ የዕቃ ቦርሳቸውን አነሱ፣ በሩን ቆለፉ፣ ወደ ጋሪው ፈረስ ጠጋ ብለው ከጭራው አምስት ስድስት ፀጉር ነጨት አደረጉና በወረቀት ጠቀለሉት።

«ኧረ አባት፣ ፈረሴን!» አለ ባለጋሪው።

«መድኃኒት ነው» አሉት። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም።

ሚኒባሱ ውስጥ እሳቸው መስኮቱ ጋ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀመጥን። ሞልቶ ሲነሳ እጄን በእሳቸው በኩል ሰድጄ መስኮቱን ትንሽ ሳብ አደረግኩት። ገና ከከተማው አልወጣንም።

«ኧረ መስኮቱን! ልጅ ይዣለሁ!» አለች አንዲት እናት ከኋላ።

«ወንድም፣ ሳንባችንን ልታስመታው ነው?» አለ ሌላው።

«ሳንባችሁን የሚያሳምመው የተዘጋው ነው» አልኩ ዞር ብዬ። «የምትተነፍሱት እርስ በርሳችሁ የተፋችሁትን ነው!»

«ምን ይላል ይሄ! ማን ተፋ?»

ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አንገቱን አስገባ። «ፋዘር፣ መስኮት የጋራ ነው። ድምፅ ይሰጥበት?»

ሳቅ ሆነ፤ ድምፅም ተሰጠ። ለንፋሱ የወገንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እጃቸውን ሰድደው መስኮቱን ጥርቅም ያደረጉት ደግሞ የገዛ ምድጃ ጠጋኜ ናቸው። «ይቅርታ» አሉኝ፣ «አንገቴ ላይ ይገባል።» ከዚያ ሥራዬን ጠየቁኝ። እጽፋለሁ አልኳቸው። «ገብቶኛል» አሉ፤ የገባቸው ነገር ጥሩ አልመሰለኝም።

አዲስ ቅዳም ስንደርስ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ አገጫቸውን ቀስረው አሳዩኝ። የተወለዱት እዚያው አካባቢ ነው፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ከሰል ያወጡ ነበር።

«ከሰል ምን እንደሆነ ታውቃለህ ደራሲው?»

«የተቃጠለ እንጨት ነው።»

«ተሳሳትክ። የተቃጠለ እንጨት አመድ ነው። ከሰል ማለት ሊቃጠል ሲል የታፈነ እንጨት ነው። እሳቱን አፈር ታለብሰዋለህ፣ ትንፋሹን ትነሳዋለህ። በጠረኑ ታውቀዋለህ፣ ቢጫ ቢጫ የሚል ሽታ አለው።»

ሽታ ቢጫ አይሆንም ብዬ ልከራከር አሰብኩ። ድምፅ የተሰጠበትን መስኮት አይቼ ተውኩት።

ግቢ እንደገባን ሰላምታም ሳያበዙ ወደ መርከቡ ወጡ። መጀመሪያ የምግብ ማብሰያውን ምድጃ ለኮሱት፤ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። «ጋዙ ጤነኛ ነው፣ እሱን እርሳው።» ከዚያ የማሞቂያውን ክዳን ፈቱ። ከነበልባሉ አጠገብ እንደ እርሳስ የቀጠነች የመዳብ ዘንግ አለች፤ ዘበኛ ናት አሉኝ፣ እሳቱ ሲጠፋ ሙቀት ስታጣ ጋዙን ትዘጋዋለች። ጥቀርሻዋን በብርጭቆ ወረቀት ወለወሉላት። ቀጥለው ያን የፈረስ ጭራ ከወረቀቱ አውጥተው ጋዝ በሚወጣባት የመርፌ ቀዳዳ አሳለፉት፣ መለሱት፣ አሳለፉት።

«በሽቦ አይሆንም?»

«ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋታል። የፈረስ ጭራ የተፈጠረውን ያጸዳል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። ለደራሲም ጥሩ ነበር።»

ደቃቅ የሸረሪት ድር ወጣ። ድል አድርገናል ብዬ በሩ ላይ በምስማር በተንጠለጠለው አረንጓዴ ሹራብ እጄን ጠረግኩ። አሮጌ ሹራቤ ነው፤ አንድ እጁ የለም፣ ጨርቅ አድርጌው ነው የምኖረው። ቁልፉን ተጫንን፣ ለኮስን። ቢጫ። ተወዛወዘ፣ ጥቀርሻ አበቀለ፣ ጠፋ።

እኅቴ በክራንቿ እስከ ደረጃው ድረስ መጥታ ስትጠብቅ ነበር። ቀሚሱን ከሻንጣው አውጥታ በረንዳው ላይ ሰቅላው እንደነበር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወደ በረንዳው ተመለሰች፣ ቀሚሱን አወረደችና ጉልበቷ ላይ ማጣጠፍ ጀመረች። መቼም ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ያን አስተጣጠፍ ግን ባላየሁት።

ሰውየው አላዩአትም። ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸታሉ። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ቀና አሉ፤ ፊታቸው የሕፃን ፊት ሆኗል።

«የአባቴ ጉድጓድ!» አሉ። «ደራሲው፣ ይሄ ማሞቂያ አይደለም። የከሰል ጉድጓድ ነው። እሳቱ ታፍኗል። የት በኩል ነው የሚተነፍሰው?»

የት በኩል! ያ ወፍራም ቀስት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። የዘበኛው የፈረስ ትንፋሽም ተከተለ። በጎኑ በኩል፣ በአጥሩ በኩል! ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቀን ደረሰ። ከመርከቡ ዘልዬ ወርጄ ግቢው መሃል ቆምኩና ንግግሬን ጀመርኩ።

«ይኸውላችሁ! አላልኩም? ይህ ሕዝብ ቀዳዳ ካየ ሳይደፍን አያድርም! ንፋስ ይገባል ብሎ የሰውን እሳት አፍኖ ይገድላል! ማነው የደፈነው? አንተ ነህ!» አልኩት ጎረቤቴን፤ ጩኸቴን ሰምቶ አጥሩ ጋ ብቅ ብሏል።

«እኔ? የሰው መኪና?»

«ታዲያ አንቺ ነሽ እታለም!»

«አዎ» አለች እኅቴ። «በሁለት ክራንች አጥር ላይ ወጥቼ።»

ሰውየው በዚህ መሃል በመኪናውና በአጥሩ መካከል በጎናቸው ገብተው ትከሻቸው ድረስ እጃቸውን ሰድደው ይዳስሳሉ። «አገኘሁት፣ ክብ የብረት አፍ አለው። ተጠቅጥቋል። ቆይ፣ በቀርከሃ ነው የጠቀጠቀው፣ ጎበዝ ነው ሰውየው።» ሳቡ። መጀመሪያ የቀርከሃ ስንጥር መጣ፤ ቀጥሎ ረዘም ያለ፣ ጥቀርሻ የጠገበ፣ ጫፉ የነደደ ጨርቅ። ወጥተው አራገፉት። ጥቀርሻው ሲረግፍ ከሥሩ አረንጓዴ ሆነ። የሹራብ እጅ ጫፍ ነበረው፣ የተጠለፈ፣ ከነአዝራሩ።

ሰውየው ቀስ ብለው ደረጃውን ወጡ፣ ከምስማሩ ላይ ያንን ሹራብ አወረዱና የጨርቁን ጫፍ ባዶው ትከሻ ላይ ገጠሙት። ገጠመ።

ሁሉም ነገር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። መርከቡን በገዛሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ ስጽፍ ከቁም ሣጥኑ ሥር ቀጭን ብርድ እየመጣ አንገቴን ይነካኝ ነበር። ሳምንት ሙሉ አንገቴ አልዞር አለ። አንድ ቀን ተነስቼ ከአሮጌው ሹራቤ አንድ እጁን ቆረጥኩ፣ አጥሩ ላይ ወጣሁ፣ ያገኘሁትን ቀዳዳ በቀርከሃ ጠቀጠቅኩት። ተመልሼም ሞቆኝ ጻፍኩ። የዚያን ቀን የጻፍኩት ምን እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ። ስለ ሚኒባስ መስኮት ነበር።

እኅቴ ክራንቿ እስኪወድቅ ሳቀች። ከዳሌዋ ስብራት ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። «ንፋስ ሰው አያሳምምም» አለች በእኔው ድምፅ፣ እንደገና ሳቀች። ጎረቤቴ አጥሩን ይዞ ተርገፈገፈ። ሰውየው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ለካ አንተም ያገር ልጅ ነህ ደራሲው።»

ከዚያ ግን ሳቃቸውን ዋጡ። «ለኩሰኸው አጠገቡ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

«አንድ ቀን። ራሴን አመመኝ።»

«በር ከፍተህ?»

«ዘግቼ።»

«የታፈነ እሳት ጭሱን የሚመልሰው ወደ ቤት ነው። ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ያደሩ ሰዎች ጠዋት እንዴት ሆነው እንደሚነሱ አይቻለሁ። ያልተነሱም አይቻለሁ።»

እኅቴን አየኋት። በሬን ቆልፌ ነበር ያለችው። እዚያች ቁም ሣጥን የምታህል ክፍል ውስጥ፣ ቆልፋ፣ ከእኔ ሹራብ እጅ ጋር። ያ ሰነፍ ነበልባል እየጠፋ ያስቸገረኝ ለካ ደግነቱ ኖሯል።

እንደገና ለኮስነው። በመስታወቷ በኩል ነበልባሉ መጀመሪያ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰማያዊ! እንደ ምሽት ሰማይ ሰማያዊ፣ ንቅንቅ የማይል፣ እየዘመረ የሚነድ። «አሁን ተነፈሰ» አሉ ሰውየው። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ጮኸ፤ «ይኸውላችሁ! ያልኩት! የፈረሱ ትንፋሽ!» ሮጬ ሄድኩ። ከብረቱ አፍ ነጭ እንፋሎት በቀርከሃዎቹ መሃል እየተግተለተለ ይወጣል። ልጅ የወለድኩ ያህል ደስ አለኝ።

ሰውየው የጣሪያውን መስኮት ከፍተው በሽቦ አሰሩት፤ እሳቱ እስካለ አይዘጋም አሉ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ውኃው ለእጅ የሚከብድ ሙቀት ሲደርስ እኅቴ ተነሳች።

«ለነገ ጠዋት አይሻልሽም?»

«አሁን» አለች።

ሦስቱን ደረጃ ማንም ሳይይዛት ወጣች። ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። በሩ ተዘጋ፣ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። ያቺን ቀጭታ እስከዛሬ እሰማታለሁ። እኔና ሰውየው ጀርባችንን ሰጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ ውኃው ሲወርድ ተሰማ።

«እናንተ!» አለች ከውስጥ።

«ምን ሆንሽ?» ብድግ አልኩ።

«ማንም ሰው ጀርባሽን ልጠብልሽ እንዳይለኝ!»

«ማንም አላለም!»

«አውቃለሁ! ጮኼ ልበለው ብዬ ነው!»

አሥሩ ሊትር አለቀ፤ አስሞልታ ሌላ አሥር አስሞቀች። ወደ አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትወጣ ፀጉሯ በነጠላ ተጠቅልሏል፣ ከኋላዋ እንፋሎት ይከተላታል፣ ፊቷ ደግሞ የዛሬ አርባ ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆመችዋ ሴት ፊት ነው።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎ» አሏት ሰውየው ተነስተው።

«እጅዎ ይባረክ። እግሬ ጣት ድረስ ደረስኩ» አለች። «ራሴ።»

ሰውየው ሲሄዱ አንድ ነገር ለመኑኝ፤ ያንን የሹራብ እጅ። ሱቃቸው በር ላይ ሰቅለውታል ይባላል። ምድጃዬ ቢጫ ነደደ ብሎ ለሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያሳዩታል አሉ። ዳንግላ ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ በላይ የሚታወቅ ሥራዬ እሱ ነው።

በማግስቱ ለከተራ ባጃጅ ጠራን። እኅቴ በነጭ ቀሚሷ፣ ክራንቿን በጉልበቷ መሃል ይዛ፣ ተቀመጠች። ሹፌሩ ደግ ልጅ ነው፤ የጎኑን ላስቲክ መጋረጃ ሊያወርድ እጁን ዘረጋ።

«እትዬ፣ ንፋስ እንዳይመታዎት።»

«ተወው።»

«ኧረ ታጥበው ሲወጡ አደገኛ ነው...»

«ተወው አልኩህ! ታጥቤ የወጣሁት ልታይ ነው!»

እስከ ታቦቱ ማደሪያ ድረስ የጥር ንፋስ በግራና በቀኝ እየገባ ነጠላዋን ሲያውለበልበው ሄድን። አንገቴን ትንሽ አመመኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን እናንተን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ጋዝ ወይም ከሰል የምታነዱ ከሆነ፣ ብርድ ይገባል ብላችሁ የደፈናችሁት ቀዳዳ አለ። የት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ሄዳችሁ ንቀሉት። ሹራቡ የማን እንደነበር ለማንም አልናገርም።